የነፋስ ስልክ ሕግና የጠባቂው ማነስ

መንግሥት ሕግን ሲያወጣ ሁለት ነገር አብሮ ማሰብ ይገባዋል፤ አንደኛው ሕጉ የሚከለክለው ነገር ምን እንደ ሆነ ነው፤ ሁለተኛውም ያ የተከለከለው ነገር በተደረገ ጊዜ አይቶና ሰምቶ ለዳኛ የሚያቀርበው ሰው ማን እንደ ሆነ ነው። ሁለተኛው ያልታሰበበት ሕግ በወረቀት ላይ እጅግ ጽኑ ሆኖ ሳለ በአገር ላይ ግን እንደሌለ ይቈጠራል፤ ከዚያም የሚከፋው፣ ድንገት አንድ ቀን ባልጠረጠረ ሰው ላይ ሲወድቅ ቅጣት መሆኑ ቀርቶ መዓት ይመስላል። ይህም ነገር በዛሬው ዘመን ጎልቶ የሚታየው በአየር ሞገድ ሕግ፣ ከዚያም ውስጥ አማተር ራዲዮ በሚባለው ሥራ ላይ ነው።

አማተር ራዲዮ የተባለው፣ ገንዘብ ለማትረፍ ወይም ለሕዝብ ወሬ ለማሰማት ሳይሆን፣ ፈቃድ ያለው ሰው ራሱን ለማስተማር፣ ከባልንጀራው አማተር ጋር ለመነጋገርና የራዲዮን ጥበብ ለመመርመር በገዛ ገንዘቡ የሚያቆመው የመላኪያና የመቀበያ መሣሪያ ነው። ቀደምት ኢትዮጵያውያን ያለ ሽቦ የሚሠራውን ቴሌግራፍ ባዩ ጊዜ ነፋስ ስልክ ብለው ሰየሙት፤ ስሙም የአዲስ አበባ ሰፈር መጠሪያ ሆኖ እስከ ዛሬ ይኖራል። ስያሜውም የተገባ ነበር፤ ነፋስን አጥር አይከለክለውምና። በነፋስ ላይ የሚላከው ቃል ከጎረቤት ቃል ጋር እንዳይጋጭ መንግሥታት ተሰብስበው ሥርዐት አቆሙለት፤ ኢትዮጵያም ከ1924 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አባል ናት። በኅብረቱ ሥርዐት መሠረት አማተር የሚሆን ሰው አስቀድሞ ችሎታው መመርመር አለበት፤ በሚናገርበትም ጊዜ የጥሪ ምልክቱን በየጥቂቱ ማሰማት አለበት፤ ቃሉንም ሌላው እንዳይረዳው ሰውሮ መላክ አይፈቀድለትም። ለኢትዮጵያ የተሰጡት የጥሪ ምልክቶች በኢ ቲ፣ በ9 ኢ ወይም በ9 ኤፍ የሚጀምሩ ናቸውና፣ በዓለም ላይ በየትም ስፍራ ያለ አድማጭ ከእነዚህ አንዱን በሰማ ጊዜ ቃሉ ከማን አገር እንደ መጣ ያውቃል።

የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በቴክኖሎጂው ትምህርት ቤት ግቢ ያቆመው ጣቢያ አለው፤ የጥሪ ምልክቱም ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በነበሩት ዓመታት የኢትዮጵያ ምልክት በአማተሮች ሞገድ ላይ እጅግ ብርቅ ሆኖ ስለ ኖረ፣ የዚህ ጣቢያ ድምፅ በተሰማ ጊዜ ከሩቅ አገር ተራውን ጠብቆ ሊያነጋግረው የሚሻው ብዙ ነው። ነገር ግን በዋናው ከተማ አንድ ጣቢያ መቆሙ ጥበቡንና ሕጉን ለአገሩ ሁሉ አደረሰ ማለት አይደለም። ይህን ለመረዳት ዓባይን ተሻግሮ፣ በደብረ ማርቆስ አልፎ፣ ወደ ምዕራብ ጎጃም መሄድ ይበቃል።

ፍኖተ ሰላም የዞኑ ዋና ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ቡሬም ከዚያ ጥቂት አልፎ የወለጋውና የባሕር ዳሩ መንገድ የሚገናኙባት የገበያ ከተማ ናት። በእነዚህ ሁለት ከተሞች ዙሪያ ያለው ባላገር በቆሎውን፣ ጤፉንና በርበሬውን እያመረተ የሚኖር ነው፤ ልጆቹ ግን ከዛሬ ዘመን ዕቃ የራቁ አይደሉም። በእጅ የሚያዝ የመነጋገሪያ ራዲዮ ከመዳፍ የማይበልጥ ትንሽ ዕቃ ነውና በጭነት መካከል ተሸሽጎ ቢያልፍ ኬላ ላይ ያለው ሰው አያየውም። የገዛውም ሰው ሕጉን የማያውቅ ከሆነ፣ ዕቃውን እንደ ተንቀሳቃሽ ስልክ ቈጥሮ ይናገርበታል።

እንግዲህ በአዲስ አበባ ያለ ተቈጣጣሪ ይህንን እንዴት ይሰማል? በእጅ የሚያዙት መሣሪያዎች አብዛኞቹ የሚሠሩበት ሞገድ፣ ለአማተሮች የተመደበውን ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርዝ ያለውን ክፍል ጨምሮ፣ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስለ ሆነ ተራራ ባገኘ ጊዜ ይቆማል። በቡሬና በዋናው ከተማ መካከል ደግሞ የጮቄ ሰንሰለትና የዓባይ ሸለቆ አሉ። ቡሬ ላይ የተነገረው ቃል በቡሬ ኰረብቶች መካከል ተወስኖ ይቀራል፤ ከዋናው ከተማ ሆኖ ጆሮውን የሚያቀና ሰው አንዳች አይሰማም። ረዘም ያለው ሞገድ፣ ለምሳሌ በ7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው፣ ወደ ላይ ወጥቶ ፀሐይ በኀይሏ ያነቃችውን ከፍተኛውን የአየር ንብርብር ነክቶ ስለሚመለስ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማል፤ ነገር ግን የሚወርደው ከሰማይ ስለ ሆነ ከየት አቅጣጫ እንደ ተነሣ ለመለየት አስቸጋሪ ነው። የቅርቡ አይሰማም፤ የሚሰማው ቦታው አይታወቅም።

ይህንን ከሊቅ ይልቅ የጃቢ ጠኅናን እረኛ ያውቀዋል። በሬ የጠፋበት እረኛ በአንገቱ ያንጠለጠለውን ቃጭል ድምፅ ለመስማት አንድ ኰረብታ ላይ ወጥቶ ያደምጣል፤ ድምፁ በየት በኩል እንደ መጣ ይለያል፤ ሩቅና ቅርቡን ግን አያውቅም። ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ኰረብታ ይሻገራል፤ ወይም ባልንጀራውን ከዚያ ሆነህ ስማ ይለዋል፤ የሁለቱም ጆሮ የሚገናኝበት ስፍራ በሬው ያለበት ነው። የራዲዮ ተቈጣጣሪዎችም የሚያደርጉት ከዚህ የተለየ አይደለም፤ አቅጣጫ የሚለይ አንቴና ይዘው ከሁለት ወይም ከሦስት ስፍራ ያደምጣሉ፤ መስመሩን በካርታ ላይ ያሰምራሉ፤ መስመሮቹ የተቋረጡበትን ይፈልጋሉ። ለዚህ ግን ሁለት እረኛ በአንድ ሰዓት በሁለት ኰረብታ ላይ መገኘት አለበት። ከአዲስ አበባ የተነሣች አንዲት የመቈጣጠሪያ መኪና ሙሉ ቀን ተጕዛ ፍኖተ ሰላም በደረሰች ጊዜ ተናጋሪው ዝም ብሏል፤ ራዲዮውንም በከረጢቱ ከትቶ ወደ ሌላ ቀበሌ ሄዷል። ነዳጁና የውሎ አበሉ ከመንግሥት ካዝና ወጥቷል፤ የተገኘ ነገር ግን የለም።

የአየር ሞገድን የማስተዳደር፣ ፈቃድ የመስጠትና የመቈጣጠር ሥልጣን የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 1148 ለተቋቋመው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ይህ መሥሪያ ቤት በተቋቋመ በሁለት ዓመት ውስጥ ለሁለተኛው የስልክ ኩባንያ ለሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ፈቃድ ሰጠ፤ ለዚያም ፈቃድ የተከፈለው 850 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ የሚከፈልበትን ሞገድ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት፣ ምንም የማያስገባውን የአማተር ሞገድ ለመጠበቅ ብዙ ሰውና ብዙ መኪና ይመድባል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። በዚህም መሥሪያ ቤቱን መውቀስ አይገባም፤ ሆስፒታልና መንገድ የሚጠይቅ ድኻ አገር ለራዲዮ አድማጭ የሚከፍለው ትርፍ ገንዘብ የለውም።

ጠባቂ ያነሰው መንግሥት ብዙ ጊዜ የሚያደርገው፣ ያነሰውን ጠባቂ በቅጣት ማክበድ ለመሙላት መሞከር ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል ዐዋጅ ቍጥር 761 ከመንግሥት አስቀድሞ ፈቃድ ሳያገኝ የቴሌኮም መሣሪያ የሠራ፣ የገጣጠመ፣ ከውጭ ያስገባ ወይም ለሽያጭ ያቀረበ ሰው ከ10 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ደነገገ። ዐዋጁ የወጣው የውጭ አገር ስልክ ጥሪ እየሰረቁ የሕዝብን ገንዘብ የሚዘርፉትን ለመያዝ ነበርና ምክንያት አልነበረውም አይባልም። ነገር ግን የገጣጠመ የሚለውን ቃል ማስተዋል ያስፈልጋል። የራዲዮ ጥበብ የሚጀመረው በመገጣጠም ነው። በፍኖተ ሰላም የተበላሸ ራዲዮ የሚጠግን አንድ ወጣት፣ ከአሮጌ ዕቃ የተነቀሉትን ትንንሽ ክፍሎች ሰብስቦ ትንሽ መላኪያ ቢሠራና በመንደሩ ማዶ ካለው ጓደኛው ጋር ቢነጋገርበት፣ ከስልክ ሌባው ጋር በአንድ አንቀጽ ሥር ሊወድቅ ነው። ይህ ወጣት ፈቃድ ማውጣት ቢፈልግስ? በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ቀርቦ የሚፈተንበት ጠረጴዛ፣ በአማርኛ የተጻፈ የመማሪያ መጽሐፍ፣ ጥያቄውን የሚቀበለው ጸሐፊ ሊያገኝ ይገባው ነበር። ግንቡ ቆሞለታል፤ በሩ ግን አልተከፈተለትም።

የቅጣት ክብደት ከመያዝ እርግጠኝነት ጋር አንድ አይደለም። 15 ዓመት እሥራት የተጻፈበት ሕግ፣ ከመቶ አንድ እንኳ የማይያዝበት ከሆነ፣ ሰው ሁሉ የሚንቀው ሕግ ይሆናል፤ የሚያዘውም አንድ ሰው ከጥፋቱ ይልቅ በዕድሉ የተቀጣ ይመስለዋል። ዳኛውም ቢሆን፣ ልጁን አይቶ ቅጣቱን አይቶ፣ በነጻ የሚለቅበትን ምክንያት መፈለጉ አይቀርም። አነስተኛ ቅጣትና ፈጣን ማስጠንቀቂያ ያለበት፣ ነገር ግን የሚሰማ ጆሮ ያለው ሕግ፣ ከዚህ ይልቅ ይከበራል፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው።

በአየር ላይ የሚደረገው ጥፋት ሁሉ አንድ ዐይነት አለመሆኑንም መለየት ይገባል። የቡሬ ነጋዴ የደንበጫን የበርበሬ ዋጋ በአማተር ሞገድ ቢጠይቅ ሥርዐቱን አፍርሷል፤ አማተር ራዲዮ ለጥቅም ንግግር አልተሠራምና። ነገር ግን በጓደኛው ትከሻ ላይ እጁን አኑሮ ይህ ለንግድ አይሆንም ብሎ የሚነግረው ሰው ቢያገኝ በማግሥቱ ይተወው ነበር። በሌላ በኩል በርካሽ የተሠራ ያልተመረመረ መሣሪያ ከተመደበለት ሞገድ ውጭ እየረጨ፣ አውሮፕላኖች ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ክፍል የሚነጋገሩበትን ቃል ቢያውክ፣ ባሕር ዳር ለማረፍ የተቃረበ አብራሪ የማረፊያ ትእዛዙን ላይሰማ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ አለማወቅ ሰበብ አይሆንም። ሆን ብሎ ሌላውን ለማፈን የሚጮኸው ደግሞ ከሁለቱም የባሰ ነው። ዛሬ ግን ሦስቱንም የሚለይ ሰው በአገሩ ላይ ስለሌለ፣ ወይ ሦስቱም ይታለፋሉ፣ ወይ ሦስቱም በአንድ ገመድ ይታሠራሉ።

የጸጥታ ሰዎች ስለዚህ ጉዳይ የሚያነሡት ቃል ቀላል አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ በተንቀሳቃሽ ስልክ የሚገኘውም ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ፤ የምዕራብ ጎጃም ሕዝብ በዚያ ጊዜ ያየውን መከራ መዘርዘር አያስፈልግም። እንዲህ ባለ ጊዜ በጣራ ላይ የተዘረጋ ሽቦ ሁሉ በወታደር ዐይን ጥርጣሬ ነው፤ በእጅ የተያዘ ራዲዮም ከጠመንጃ ጋር ይቈጠራል። ታዲያ ማንም እንዲናገር ይፈቀድ ማለት እሳት ላይ ጭድ መጨመር አይደለምን? ይላሉ። ለዚህ የሚሰጠው መልስ የሚገኘው ከአማተር ራዲዮ ሥርዐት ከራሱ ውስጥ ነው። ፈቃድ ያለው አማተር ስሙና አድራሻው በመንግሥት መዝገብ ተጽፏል፤ በየጥቂቱ የጥሪ ምልክቱን ያሰማል፤ ቃሉን አይሰውርም። ሊሰወር የሚሻ ሰው ይህንን ሁሉ ተቀብሎ ለፈተና አይቀርብም። እንዲያውም ፈቃድ ያላቸው አሥር ሰዎች በአንድ ወረዳ ቢኖሩ፣ ምልክት የሌለው አሥራ አንደኛው ድምፅ በተሰማ ጊዜ ወዲያውኑ ይለያል፤ አንድም ፈቃድ ያለው በሌለበት ወረዳ ግን የዋሁና ተንኰለኛው ተቀላቅለው ይኖራሉ።

የጎጃም ምድር ቃል በሽቦና በነፋስ ሲሄድ የሚያመጣውን በጎና ክፉ ከሌላው አስቀድሞ አይቷል። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድ የተልእኮ 101 መሪ ሆነው ከሱዳን ወደ ጎጃም በገቡ ጊዜ በበቅሎ ካስጫኑት ዕቃ አንዱ የነፋስ ስልክ መሣሪያ ነበር፤ በደጋው ተቀምጠው ስለ አርበኞቹ ሁኔታ ወደ ካርቱም የሚልኩት ቃል በዚያ ይሄድ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ጠላት በጎጃም በሸሸ ጊዜ ደግሞ የስልክ ሽቦ ሳይቈረጥ ተገኘ፤ ጣልያንኛ የሚያውቅ አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በዚያ ስልክ ተናግሮ፣ የሚመጣው ጦር ዐሥር ሺሕ ነው ብሎ ጠላትን አስደነገጠው ተብሎ ይተረካል። ጠላት የተታለለው በማዶ ያለውን ተናጋሪ ማንነት የሚያውቅበት ነገር ስላልነበረው ነው። የጥሪ ምልክትና የፈቃድ መዝገብ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ጠባቂ ባነሰበት ጊዜ ሕዝቡ ራሱ ጠባቂ እንዲሆን ማድረግም ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ፖሊስ በየወረዳው ባልነበረበት ዘመን ከብት የተሰረቀ ወይም ሰው የተገደለ እንደ ሆነ የአገሩ ሰው በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ በአውጫጭኝ እየማለ ያየውንና የሰማውን ይናገር ነበር፤ ጭቃ ሹሙ ብቻውን ሊያገኘው የማይችለው ነገር በዚህ ይገኝ ነበር። ይህ ሥርዐት ብዙ ሌባ አስይዟል፤ ብዙም ንጹሕ ሰው አስጨንቋል። ወንጀለኛው እስኪገኝ ድረስ ባላገሩ ከእርሻው ተነጥሎ ይውል ነበር፤ ቂም ያለውም ሰው በመሐላ ስም ባላጋራውን ያስጠቁር ነበር። ስለዚህ ከአውጫጭኝ የሚወሰደው የሕዝብ ጆሮ መሆን አለበት እንጂ የሕዝብ ፍርድ አይደለም።

ይህንኑ አሳብ በሌላ መንገድ የሠሩበት አገሮች አሉ። በአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ገንዘቡ ባነሰው ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2015 ከነበሩት 24 የመስክ ጽሕፈት ቤቶች 11ዱን ለመዝጋት ወሰነ። እንዲህ ያለ ሀብታም መንግሥት እንኳ አየሩን ሁሉ በራሱ ሠራተኛ መጠበቅ አልቻለም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ሕግ በጎ ፈቃደኞችን ለዚህ ሥራ መጠቀም እንዲቻል አስቀድሞ ፈቅዶ ነበር፤ በዚያም መሠረት የአማተሮች ፈተና የሚሰጠው በራሳቸው በአማተሮች ሆነ። በ2020 መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካ ራዲዮ ሪሌይ ሊግ ከኮሚሽኑ ጋር በተዋዋለው መሠረት የበጎ ፈቃድ አድማጮች ሥራቸውን ጀመሩ። እነዚህ አድማጮች ማንንም አይቀጡም፤ ቤትም አይፈትሹም፤ የሰሙትን ከቀኑ፣ ከሰዓቱና ከሞገዱ ቍጥር ጋር ይመዘግባሉ፤ ላጠፋው የምክር ደብዳቤ ይሄድለታል፤ ደግሞም፣ እጅግ የሚያስደስተው ይህ ነው፣ ሥርዐቱን አክብሮ ለሚናገረው የምስጋና ደብዳቤ ይሄድለታል። ምክር የማይሰማው ሲገኝ ብቻ ነገሩ ወደ ኮሚሽኑ ይመራል። የመንግሥት ሠራተኛ የሚደክመው ለዚያ ለመጨረሻው ጥቂት ሰው ብቻ ነው።

ለምዕራብ ጎጃም ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በቡሬ ግቢ አለው፤ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክም ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ክፍል ሆኖ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶችን ያስተምራል። ባለሥልጣኑ የፈተናውን ጥያቄ አዘጋጅቶ በታሸገ ፖስታ ቢልክ፣ የእነዚህ ትምህርት ቤቶች መምህራን በዓመት ሁለት ጊዜ በቡሬ ጠረጴዛ ዘርግተው ሊፈትኑ ይችላሉ። ያለፈው ሰው ትንሽ ኀይል ባለው መሣሪያ በተወሰነ ሞገድ እንዲጀምር ቢፈቀድለት፣ ከዓመት በኋላም ጠባዩ ታይቶ ከፍ ቢደረግለት ማንም አይጐዳም። ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ጣት የሚያህል መቀበያ በርካሽ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ በቡሬ ግቢና በፍኖተ ሰላም አንድ አንድ ቢተከል የአካባቢው ሞገድ ሌት ተቀን ይመዘገባል። በሌላ አገር አማተሮች ቀበሮ አደን የሚሉት ጨዋታ አላቸው፤ አንዱ ትንሽ መላኪያ በጫካ ይደብቃል፤ ሌሎቹ አቅጣጫ የሚለይ አንቴና ይዘው እየሮጡ ይፈልጉታል። በብር ወንዝ ዳር ወጣቶች ይህን ቢጫወቱ፣ ክስ የሌለበት ፈንጠዝያ ሆኖ ሳለ፣ የጠፋውን በሬ በሁለት ኰረብታ የሚፈልጉት ጆሮዎች ያለ አንዳች የመንግሥት ወጪ ይሠለጥናሉ።

ስለ ቂሙ ግን ሥርዐቱ ከመጀመሪያው መጠንቀቅ አለበት። በገጠር ስለ ወሰን የተጣሉ ሁለት ጎረቤቶች አሉ እንበል፤ አንደኛው ሌላው ቤት ውስጥ ራዲዮ አለ ብሎ ቢጠቁም ነገሩ ከራዲዮ ጋር ላይገናኝ ይችላል። ስለዚህ በቃል የሚመጣ ጥቆማ ሁሉ ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም። የሚሰማው ቢያንስ ሁለት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ከተለያየ ስፍራ ሆነው በአንድ ሰዓት የሰሙትና በመቀበያው መዝገብ ላይ የተገኘ ቃል ብቻ ይሁን። የመጀመሪያውም እርምጃ እሥራት ሳይሆን ደብዳቤ ይሁን፤ ደብዳቤውም በወታደር እጅ ሳይሆን በፖስታ ወይም በቀበሌ ጸሐፊ በኩል ይድረስ። ቤት መፈተሽ የሚቻለው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ መሆኑ ለአድማጮቹም ለፖሊሱም በጽሑፍ ይነገራቸው። በ2004ቱ ዐዋጅ ውስጥም ለትምህርት የሚደረገውን መገጣጠም ከማጭበርበሩ የሚለይ አንድ አንቀጽ ቢጨመር፣ ሕጉ የተነሣበትን ዓላማ አንዳች አያጐድልበትም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ማንሣቱ ደስ ባያሰኝም ዝም ብሎ ማለፉ የባሰ ነው። መንግሥታት በተስማሙበት መሠረት የብሮድካስት ጣቢያዎች ከ7100 እስከ 7200 ኪሎኸርዝ ያለውን ሞገድ ኢትዮጵያ ባለችበት የዓለም ክፍል ከመጋቢት 20 ቀን 2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለአማተሮች መልቀቅ ነበረባቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን የኢትዮጵያም የኤርትራም የመንግሥት ጣቢያዎች በዚሁ ክልል ሲሰሙ ቆይተዋል፤ ሌላውን ድምፅ ለማፈን የተለቀቀ ጩኸትም በዚያው ተሰምቷል። ይህንን የሰሙትና የመዘገቡት በአውሮፓ ያሉ በጎ ፈቃደኛ አማተሮች ናቸው፤ ከሺሕ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ሳሉ የጣቢያውን አቅጣጫ ለይተው ለየመንግሥታቸው አስታውቀዋል። የአፍሪካ ቀንድ መንግሥታት በዚያ ጊዜ የፖለቲካ ምክንያት ነበራቸው፤ ምክንያት የሌለው አጥፊ ግን የለም፤ የፍኖተ ሰላሙም ወጣት ምክንያት አለው። ባለሥልጣኑ ለአንድ የገጠር ልጅ ከሞገድህ ወጥተሃል የሚል ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚጠቀሙባቸውን ሞገዶች በሙሉ ከዓለም አቀፉ ሰንጠረዥ ጋር አስተያይቶ፣ ያልተስማማውን ማዛወር ይገባዋል።

ገንዘቡ አነስተኛ፣ ሥራውም ለመጀመር ቀላል ስለ ሆነ፣ በአገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ መደረግ የለበትም። በምዕራብ ጎጃም፣ በአንድ ግቢ፣ በሁለት መምህራንና በሁለት መቀበያዎች ተጀምሮ ለአንድ ዓመት ይፈተን፤ ስንት ሰው ለፈተና ቀረበ፣ ስንት ምልክት የሌለው ድምፅ ተሰማ፣ ስንቱ በምክር ደብዳቤ ተመለሰ፣ ስንቱስ ለዳኛ ቀረበ የሚለው በመዝገብ ተጽፎ በይፋ ይገለጥ። የአማርኛው የመማሪያ መጽሐፍ ግን ያንን ዓመት መጠበቅ የለበትም፤ የማኅበሩ አባላትና የባሕር ዳር መምህራን ከአሁኑ ሊጀምሩት ይችላሉ፤ በፍኖተ ሰላም የጥገና ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ወጣት አስቀድሞ የሚፈልገው እርሱን ነው።